ፒያኖና የአገራችን ቅኝት

ባለ ቁልፍ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አገራችን የመጣው በቅርብ ዘመን ነው ብለን እንገምት ይሆናል። ነገር ግን በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ በገጸ በረከቱ ውስጥ ኦርጋን፣ ከመልእክተኞቹም መካከል ማኑኤል ደ ማሬስ የተባለ የኦርጋን ተጫዋች እንደ ነበሩ አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ መሣሪያው በዚያ ጊዜ በአገሩ ሥር አልሰደደም።

የእኛን ዜማ በፒያኖ መጫወት ስለ ምን ያስቸግራል? የክራር ተጫዋች ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺ ሆዬን ለመምታት ሲፈልግ አውታሮቹን ለዚያው ቅኝት ይቃኛል። የመሰንቆ ተጫዋችም ጣቱን በጭራው ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተ ድምፁን ያለዝበዋል። የፒያኖ ድምፅ ግን አስቀድሞ በ12 እርከን ተከፍሎ የተወሰነ ነው። ቅኝታችን ከእነዚህ የሚፈልገው 5ቱን ብቻ ሲሆን፣ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ፒያኖ ሊሰጥ አይችልም።

ይህን ችግር በብልሃት ካሸነፉት መካከል እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አንዷ ናቸው። በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ተላኩ። በ1937 የጣሊያን ወራሪ ከቤተ ሰባቸው ጋራ አግዞ ወደ አዚናራ ደሴት ወሰዳቸው። ከጦርነቱ በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ በየቀኑ 5 ሰዓት ፒያኖ፣ 4 ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ ነበር።

ከዚያም በሎንዶን ለመማር ዕድል ቢያገኙ ፈቃድ ተከለከሉ። በዚህም አዝነው ሙዚቃን ትተው በግሸን ማርያም ገዳም 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ቆየት ብለው በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎች በደጅ ሲያድሩ አይተው ልባቸው ተነካ፤ ወደ ፒያኖውም የመለሳቸው እነርሱን ለመርዳት የነበራቸው ፍላጎት ነው። በጀርመን አገር ከታተመው ሸክላ የተገኘው ገንዘብ ለችግረኞች ሕፃናት ዋለ። በአጨዋወታቸውም ፒያኖ የማይሰጠውን ድምፅ፣ በዋናው ድምፅ ዙሪያ ፈጣን ጌጥ በማከልና ምቱን እንደ ዜማ ልቅ በማድረግ አስመሰሉት። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያው በገዳም ኖሩ፤ በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ውድ አንባብያን! «ሙዚቃ እንጀራ ይሆናልን?» የሚል ጥያቄ በየቤታችን ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንጀራ የሌለው ሰው አይማርምና። እማሆይ ግን ሙያቸውን የለኩት ለእርሳቸው ባስገኘው ሳይሆን ለሌላው በጠቀመው ነው። የካይሮው 9 ሰዓት ልምምድ የሎንዶን በር ሲዘጋ ከንቱ የቀረ ይመስል ነበር፤ ለጎንደር ልጆች ግን ስንቅ ሆነ። የተማሩት ትምህርት በታሰበበት ቦታ ባይውል እንኳ የሚውልበት ሌላ ቦታ አያጣም።