የገበሬው ሥልጠና እንደ ማሳው ሁሉ ቅድመ ዝግጅት ይሻል
ዐዋቂዎችን የማስተማር ዘዴ ራሱን የቻለ ከፍተኛ ሙያ ሆኗል

አንድ ገበሬ ለሥልጠና ሲጠራ የሚከፍለው ዋጋ አለ። በሬዎቹ ሳይጠመዱ ይውላሉ፤ አረሙ የአንድ ቀን ዕድሜ ያገኛል፤ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ሃምሳ ገበሬዎች አንድ ቀን ተሰብስበው ሲውሉ ሃምሳ የሥራ ቀናት ወጪ ሆኑ ማለት ነው። ስለሆነም ሥልጠናው ሲያበቃ በመዝገብ መያዝ ያለበት የተገኘው ሰው ብዛት ብቻ አይደለም። ገበሬው ትናንት የማይችለውን ምን ነገር ዛሬ ችሎ ተመለሰ የሚለውም ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህንኑ ጥያቄ መነሻው ያደረገ የትምህርት ዘርፍ በልዩ ልዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች በማስተርስና በዶክትሬት ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ዘርፉ የትምህርት አነዳደፍ ሙያ ሊባል ይችላል። ሙያው የሚያፈራው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያስተምረውን መምህር ብቻ አይደለም። ትምህርቱ ለማን፣ ለምን ዓላማ፣ በምን መሣሪያና በስንት ጊዜ መሰጠት እንዳለበት አስቀድሞ የሚያቅድ፣ ከተሰጠም በኋላ ውጤቱን የሚመዝን ባለሙያ ያወጣል። ከቅርንጫፎቹም ዋነኞቹ ዐዋቂዎችን የማስተማርና በኢንተርኔት አማካይነት የሚሰጡ ትምህርቶችን የማዘጋጀት ሙያዎች ናቸው።

ሙያው ከየት መጣ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምልምል ወታደሮችን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ነበረባት። በዚያን ጊዜ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሰው እንዴት ፈጥኖና ሳይሳሳት ሥራ እንደሚለምድ እንዲያጠኑ ተደረገ። ከእነዚህም አንዱ የሆኑት ሮበርት ጋኜ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እያንዳንዱ የዕውቀት ዓይነት የራሱ የሆነ የአቀራረብ ሁኔታ እንደሚያስፈልገው አስረዱ። የእጅ ሥራ የሚለመደው በመሥራት ነው፤ ደንብ የሚታወቀው በምሳሌ ነው፤ አመለካከት የሚለወጠው ደግሞ የሚያምኑትን ሰው አርአያ በማየት ነው። ሦስቱን በአንድ ዓይነት ንግግር ለማስተማር መሞከር ለጤፍ፣ ለበቆሎና ለድንች አንድ ዓይነት ዘር አዘራር እንደ መጠቀም ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት አንድ የአሠራር መመሪያ አዘጋጁ። መመሪያው የማሠልጠንን ሥራ በአምስት ደረጃዎች ከፈለው። እነርሱም ችግሩን መመርመር፣ ትምህርቱን መንደፍ፣ መሣሪያውን ማዘጋጀት፣ ማስተማርና ውጤቱን መቆጣጠር ናቸው። ይህ አከፋፈል እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል።

በዚያው ዘመን በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ማልካም ኖልስ ዐዋቂ ሰው እንደ ሕፃን እንደማይማር የሚያስረዳ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1970 አወጡ። በእርሳቸው አስተሳሰብ ዐዋቂ የሚማረው የሚማርበት ምክንያት ሲገባው ነው። የኖረበት ልምድ እንዲከበርለትና ለትምህርቱ መነሻ እንዲሆን ይፈልጋል። የተማረውን የሚጠቀምበትም ከርሞ ሳይሆን ነገ ጧት ነው። ሠላሳ ዓመት ያረሰ ገበሬ አፈሩን በመዳሰስ ብቻ እርጥበቱን ያውቃል። ይህን ዕውቀቱን ሳይጠይቅ ከአንድ ጀምሮ የሚያስተምረው ሰው ከጅምሩ ተሰሚነት ያጣል።

አምስቱ ደረጃዎች በበቆሎ ጎተራ

አሠራሩ በተግባር ሲታይ ምን እንደሚመስል ለመረዳት በብዙ አካባቢ የሚታወቀውን የበቆሎ ክምችት ችግር መመልከት ይበቃል። እህሉ በጎተራ ውስጥ ሻገተ፤ ነቀዝም በላው እንበል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ርምጃ ስለ እህል አቀማመጥ ሥልጠና ይሰጥ የሚል ነው። በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው ግን መጀመሪያ ችግሩ የዕውቀት ማነስ ነው ወይስ የሌላ ነገር ብሎ ይጠይቃል። ገበሬው በቆሎ ሳይደርቅ መከተት እንደሌለበት እያወቀ ማስጫ ሸራ ስለሌለው፣ ወይም የዕዳ መክፈያ ጊዜ ስለ ደረሰበት አቻኩሎ ከትቶት እንደሆነ፣ ሥልጠና ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። የሚያስፈልገው ሸራ ወይም የብድር መክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ነው። መማር የማይፈታውን ችግር በትምህርት ለመፍታት መሞከር የገበሬውን ጊዜ ያባክናል፤ ከዚህም በላይ በሥልጠና ላይ ያለውን እምነት ያሳጣዋል።

ችግሩ በእርግጥ የዕውቀት ማነስ ሆኖ ከተገኘ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይታለፋል። እዚህ ላይ ዓላማው በዐይን ሊታይ በሚችል ሥራ ይገለጻል። «ገበሬዎች ስለ እህል አቀማመጥ ግንዛቤ እንዲያገኙ» የሚለው አነጋገር አይበቃም። «እያንዳንዱ ገበሬ በቆሎው ለጎተራ መድረቁንና አለመድረቁን በጨውና በጠርሙስ መርምሮ መለየት እንዲችል» ቢባል ግን መድረሻው ግልጽ ነው። ምርመራው ቀላል ነው። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ጨውና በቆሎ ይጨመርና ለጥቂት ደቂቃዎች ይናጣል፤ ከዚያም ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥበት አለው ማለት ነውና ተመልሶ መሰጣት አለበት።

በሦስተኛው ደረጃ መሣሪያው ይዘጋጃል። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ወፍራም መጽሐፍ ሳይሆን ጠርሙስ፣ ጨው፣ አንዱ የደረቀ አንዱ ያልደረቀ ሁለት ቁና በቆሎና ማንበብ ለማይችሉ የሚሆን የሥዕል ካርድ ነው። በአራተኛው ደረጃ ሥልጠናው ሲሰጥ አሠልጣኙ አንድ ጊዜ ያሳያል፤ ከዚያም ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም ይሞክራል። በአምስተኛው ደረጃ ከወር በኋላ ጎተራው ይታያል።

በመጨረሻው ደረጃ ላይ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰው የነበሩት ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረቡት የአመዛዘን ዘዴ ይጠቀሳል። የሚመዘነው በአራት እርከን ነው። ሠልጣኙ ደስ አለው ወይ? ተማረ ወይ? የተማረውን ሥራ ላይ አዋለ ወይ? ሥራው ውጤት አመጣ ወይ? ብዙ የሥልጠና ሪፖርቶች ከመጀመሪያው እርከን አያልፉም። ገበሬውን የሚጠቅመው ግን ሦስተኛውና አራተኛው ነው።

የታንዛኒያ ሬዲዮ

በአግባቡ የታቀደ ትምህርት ምን ያህል ሕዝብ ሊያዳርስ እንደሚችል ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳይታለች። «ሰው ጤና ነው» የሚል ትርጉም ባለው ስም የተካሄደው የጤና ትምህርት ዘመቻ በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ሆኖም አዘጋጆቹ ሬዲዮውን ብቻውን አልለቀቁትም። በየመንደሩ አድማጭ ቡድኖች ተቋቋሙ፤ 75,000 ያህል የቡድን መሪዎች አስቀድመው ሠለጠኑ፤ ቀላል መጽሐፍም ታተመ። ቡድኑ በየሳምንቱ ተሰብስቦ ያደምጣል፣ ይነበብለታል፣ ይወያያል፤ በመጨረሻም ምን እንሥራ ብሎ ይወስናል። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተካፈለ። ሕዝቡም ጉድጓድ ቆፍሮ መጸዳጃ ቤት ሠራ፤ ውሃ ያቆሩ ስፍራዎችን ደፈነ። ለዚህ ውጤት ያበቃው ትምህርቱ በውይይት፣ ውይይቱም በሥራ እንዲያልቅ ተደርጎ መታቀዱ ነው።

ከሬዲዮ ወደ ኢንተርኔት

ዛሬ ለሙያው ሰፊ የሥራ መስክ የከፈተለት ኢንተርኔት ነው። መንገዱን አስቀድሞ የጠረገው የርቀት ትምህርት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በፖስታ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሠራተኞችን እያስተማረ ዲግሪ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ትምህርት ዕቅድ ከሌለው ረጅም ስብሰባ በትንሽ መስኮት እንደ ማየት ይሆናል።

በህንድ አገር እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ዲጂታል ግሪን የተባለ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ አሠራር ገበሬዎች ራሳቸው በማሳቸው ላይ ሲሠሩ አጭር ፊልም ይቀረጻሉ፤ ፊልሙም ለጎረቤቶቻቸው በመንደር ይታያል፤ አወያዩ በየመካከሉ እያቆመ ይጠይቃል። በ16 መንደሮች ለ13 ወራት በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ፣ አዲስ አሠራር የተቀበሉት ገበሬዎች ቁጥር ከወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ከተለመደው የኤክስቴንሽን ሥራ አሥር እጥፍ እንደሚበልጥ አዘጋጆቹ ገልጸዋል። ተመልካቾቹ በፊልሙ ላይ የሚናገረውን ሰው ስሙንና መንደሩን ይጠይቁ እንደነበር መታወቁም ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል፤ ገበሬ የሚያምነው እንደ እርሱ ያለ ገበሬ ነውና። ሥራው ኋላ ወደ ኢትዮጵያም ተዛምቷል።

በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የስልክ መስመርም ለዚህ ዓይነቱ ዕቅድ ሌላ ምሳሌ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ቁጥር በመጫን ብቻ በቋንቋው የተቀዳ የግብርና ምክር እንዲሰማ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪው ትምህርት

በዚህ ሙያ ማስተርስ ዲግሪ የሚከታተል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የሚደርሱ ኮርሶችን ይወስዳል። ዐዋቂ ሰው የሚማርበትን መንገድ፣ የሥልጠና ፍላጎት ጥናትን፣ የዓላማ አጻጻፍን፣ የድምፅና የሥዕል ዝግጅትን እንዲሁም ምዘናን ያጠናል። በብዙ ተቋማት የመመረቂያው ሥራ ለአንድ እውነተኛ ድርጅት ወይም ማኅበር የተዘጋጀና የተሞከረ ትምህርት ነው። ትምህርቱ ራሱ በኢንተርኔት የሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ በመሆናቸው ተማሪው ሥራውን ሳይለቅ ሊማር ይችላል። ተማሪው የትምህርት አዘጋጅ ከመሆኑ በፊት የሩቅ ተማሪን ችግር በራሱ ላይ ያየዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ነው።

ሙያው ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች መጻሕፍት ተዘጋጅተውለት የተካሄደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። በዚያን ጊዜ የገበሬ ማኅበራት የመማሪያ ዳስ በመሥራትና አስተማሪዎችን በመቀለብ ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂም ንባብና ጽሕፈት ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሥራ ጋር ተቀናጅተው እንዲሰጡ የሚያደርግ ነው። የደቡብ አፍሪካው የርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲም በአቃቂ ማዕከል ከፍቶ ብዙ ኢትዮጵያውያንን በአገራቸው ሆነው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ አስተምሯል።

የማኅበራት መሪዎች ድርሻ

የማኅበር መሪ ዲግሪ ባይኖረውም ከዚህ ሙያ ሊወስደው የሚችለው ብዙ ነው። አሠልጣኝ ወደ ቀበሌው ሲመጣ አስቀድሞ ጥቂት ጥያቄዎችን ማቅረብ መብቱም ግዴታውም ነው። አባላቱ በመጨረሻ ምን መሥራት ይችላሉ? ችግሩ በእርግጥ በትምህርት የሚፈታ ነው ወይ? ሰው በእጁ የሚሞክርበት ጊዜ ተመድቧል ወይ? ቀኑ ከእርሻውና ከአጨዳው፣ ሰዓቱስ ሴቶች ውሃ ከሚቀዱበትና እንጀራ ከሚጋግሩበት ጊዜ ጋር አይጋጭም ወይ? ከወር በኋላ ተመልሶ የሚያይ ማን ነው?

መልሱ ካልተገኘ ሥልጠናውን በአንድ ሳምንት ማስተላለፍ አያስወቅስም። ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ ሳያርስ፣ ዘሩን ሳያበጥር፣ ዝናቡን ሳይጠብቅ አይዘራም። ለአእምሮ የሚዘራውም እንዲሁ ነው። የእርሻው ጥንቃቄ ለሥልጠናው ከተደረገ፣ ሃምሳ ሰዎች ያዋሉት ቀን በሃምሳ ጎተራዎች ውስጥ ተመልሶ ይገኛል።