ሞተርን ረግጦ መንዳት፦ ትርፍ ወይስ ኪሳራ?

"መኪናህ ጉልበት ካነሳት አውራ ጎዳና አውጣና ረገጥ አድርገህ ንዳት፤ ካርቦኗን ታራግፋለች።" ይህ ምክር በየጋራዡ ደጃፍ የሚሰማ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ስትነሳና ስትቆም የሰነበተች መኪና አዘዞን፣ ጠዳንና ማክሰኚትን አልፋ እንፍራንዝ ስትደርስ "ቀለል አለችኝ" የሚል ሹፌርም አይታጣም። ለመሆኑ አባባሉ እውነት አለውን? ለባለንብረቱስ ገንዘብ ያተርፋል ወይስ ያከስራል?

ጥያቄው ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የኪስ ጥያቄ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሳት ያዘ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ ናረ። ስለዚህ በእጅ ያለችን የቤንዚን መኪና ዕድሜ ማራዘም የብዙ ባለንብረት ጭንቀት ነው።

ስሙ ከወደ ጣሊያን

ይህ ዘዴ በውጭው ዓለም "የጣሊያን ማስተካከያ" በሚል ስም ይታወቃል። የጋራዥ ቋንቋችንም ቢሆን ከጣሊያን የተወረሰ ነው፤ ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ የምንለው ከዚያው ነው። የጣሊያን ጦር በኢትዮጵያ የመጨረሻውን ዋና ምሽጉን ያጣው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሲሆን፣ ጦሩ ቢሄድም የመካኒኩ ቃላት ቀርተዋል።

ዘዴው ዝናን ያተረፈው መኪኖች ሁሉ በካርቡሬተር በሚሠሩበትና ቤንዚን እርሳስ በሚቀላቀልበት ዘመን ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን በ1998 ዓ.ም. ግድም አቁመዋል። ካርቡሬተር ግን እስካሁን በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ አለ።

እውነቱ የቱ ላይ ነው?

ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ጥላሸት ይሆናል። ጥላሸቱ በካንዴላ ጫፍ፣ በቫልቭና በፒስተን አናት ላይ ይጋገራል። ካንዴላ ራሱን የሚያጸዳው ጫፉ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት የሚመላለስ መኪና እዚህ ሙቀት ላይ አይደርስም። ሞተሩ ጭነት ይዞ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ግን ካንዴላው ይግላል፣ ጥላሸቱም ተቃጥሎ በማርሚታ ይወጣል። በዘይቱ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና ቤንዚንም በሙቀቱ ይተናል። ሹፌሩ "ቀለል አለችኝ" ሲል እንግዲህ ሁልጊዜ ምኞቱ ብቻ አይደለም።

የደጋው አየር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ሲሆን፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ያበዛል። የበዛው ቤንዚን ጥቁር ጭስና ጥላሸት ይሆናል። በኮምፒዩተር የሚመራ ሞተር ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፤ በካርቡሬተር የሚሠራው ግን መካኒክ ይፈልጋል። ካርቡሬተሩ ሳይስተካከል ረግጦ መንዳት ዛሬ ያራገፉትን ካርቦን በሳምንቱ መልሶ ማጠራቀም ነው።

ረግጦ መንዳት የማይፈውሰው

የፒስተን ቀለበት አልቆ ዘይት የሚያቃጥልን ሞተር ፍጥነት አይጠግነውም፤ እንዲያውም ጉዳቱን ያብሰዋል። የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተዛባ የቫልቭ ክፍተት፣ ያረጀ ካንዴላም በመርገጥ አይድኑም። ቤንዚንን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ነዳጁ በመግቢያው ቫልቭ ጀርባ ስለማያልፍ፣ እዚያ የተጋገረው ካርቦን ተፈትቶ በእጅ ካልጸዳ በቀር አይለቅም። የጭስ ማጣሪያ ያላቸው ዘመናዊ ናፍጣ መኪኖች ግን በርግጥ ረዘም ያለ የአውራ ጎዳና ጉዞ ይፈልጋሉ። በማጣሪያው የታሰረው ጥላሸት የሚቃጠለው በ600 ዲግሪ ገደማ ነውና።

ስለዚህ አስቀድሞ ጭሱን ማየት ይበጃል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ በናፍጣ ካልሆነ በቀር ብዙውን ጊዜ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። ካንዴላ ሲፈታ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅና ጥቁር ከሆነ ጥላሸት ነው፤ ረግጦ መንዳት የሚረዳው ይህን ነው። በዘይት የራሰ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ጋራዥ የሚያስፈልገውን ሞተር አውራ ጎዳና ማውጣት በሽታ መደበቅ ነው።

እንፍራንዝ ውስጥ አጭር መንገድ ለሚመላለሱ ባጃጆች ጉዳዩ ይቀላል። የባጃጅ ካንዴላ ፈትቶ ማጽዳት የደቂቃዎች ሥራ በመሆኑ፣ ትንሿን ሞተር በአውራ ጎዳና ማስጨነቅ አያስፈልግም።

እንዴት ይደረግ?

አንደኛ፣ ዘይትና የራዲያተር ውሃ ይታይ። በጎንደር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተር ክዳን ከላላ ሞተሩ ፈጥኖ ይፈላል። ሁለተኛ፣ የሞተሩ ቺንጋ የመቀየሪያ ጊዜው ካለፈ አይሞከር፤ ቢበጠስ በብዙ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ በሚገባ እስኪሞቅ በቀስታ ይነዳ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሁሉም ቦታ ቶሎ አይደርስም።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ዙር እንጂ ፍጥነት አይደለም። በ5ኛ ማርሽ 120 ከመብረር ይልቅ፣ በ3ኛ ማርሽ ከ60 እስከ 80 ኪ.ሜ. በሰዓት መሄድ በብዙ ትንንሽ የቤንዚን መኪኖች ከ3,000 እስከ 4,000 ዙር በደቂቃ ይሰጣል። ይህም በዳገት ላይ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሕጉ በሚፈቅደው ፍጥነት ሲሆን ይበቃል። መለኪያው ቀይ መስመር ላይ መድረስ የለበትም። ተሳፋሪ ጭኖ ወይም ሰውና ከብት መንገዱን በሚሞላበት የገበያ ቀን ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

ትርፉን በሊትር

ባለንብረቱ በስሜት ሳይሆን በቁጥር ይመን። ታንከር ሞልቶ ጎንደር–ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 360 ኪ.ሜ. ያህል ነዶ፣ ሲመለስ እዚያው ማደያ እንደገና ይሙላ። ደርሶ መልሱ የሚያስፈልገው ሁለቱ ከተሞች በከፍታ ስለሚለያዩ ነው። 36 ሊትር ከፈጀ በሊትር 10 ኪ.ሜ. ሄዷል ማለት ነው። ከሥራው በኋላ በተመሳሳይ ጭነት 33 ሊትር ቢፈጅ በአንድ ምልልስ 3 ሊትር፣ በወር 25 ቀን ለሚሠራ 75 ሊትር ይተርፋል። ቁጥሩ ካልተለወጠ ችግሩ ካርቦን አልነበረም፤ የተረገጠው ነዳጅም ኪሳራ ነው።

ባጭሩ፣ ጤነኛ ሆኖ በከተማ ጉዞ ለታፈነ ሞተር ዘዴው ይረዳል። ለታመመ ሞተር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ዘይትና የካርቡሬተር ማስተካከያ ይቅደም። የዚህ ወጪ ሞተር አስወርዶ ከማሠራት ጋር የሚወዳደር አይደለም።