ፖርት የሚከፈተው ለማን ነው?

የኦንላይን ጌም በተንቀራፈፈ ቁጥር ከጓደኛም ከዩቲዩብም የሚሰማው ምክር ያው ነው፤ «ራውተርህ ላይ ፖርት ክፈት»። ምክሩ በአብዛኛው የሚደርሰው ለማይመለከተው ሰው ነው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ጌም አያፈጥንም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ከቤት ማንም ሳይጠራው ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት ተቀብሎ ለአንድ ለተወሰነ ኮምፒውተር ወይም ኮንሶል ማስረከብ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሄዶ ለሚጫወት ሳይሆን ለሚያስተናግድ፣ ማለትም ሌሎች የሚገቡበትን ሰርቨር በራሱ ቤት ለሚያስነሳ ሰው ነው። መቼ መከፈት እንዳለበት፣ አንዳንዴ ለምን ጨርሶ አልሠራ እንደሚል፣ አደጋው የት ላይ እንደሆነ የሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ የሚፈቱት ከዚህ ልዩነት ተነስቶ ነው።

ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ለምን እንደሚመልስ ለመረዳት የአድራሻ እጥረቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬም በስፋት የሚሠራበት አይፒቪ4 የተባለው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት በጠቅላላው ያሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ ከዓለም ሕዝብ ለእያንዳንዱ አንድ እንኳ አይደርስም። ችግሩ አስቀድሞ ስለታየ እ.ኤ.አ. በ1994 ኤንኤቲ የሚባለው አድራሻን የመለዋወጥ ዘዴ ቀረበ። በ192.168 የሚጀምሩትን የመሳሰሉ አድራሻዎችም ለቤትና ለቢሮ የውስጥ አገልግሎት ብቻ ተለይተው ተቀመጡ። ማዕከላዊው ክምችት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ሲያልቅ ዓለም በዚህ ዘዴ መኖርን ለምዶ ነበር። በቤት ውስጥ ስልኩ፣ ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ የየራሳቸው የውስጥ አድራሻ አላቸው፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ሁሉም በራውተሩ አንድ አድራሻ ይታያሉ። ራውተሩ ማን ወዴት እንደላከ በሰንጠረዥ ይመዘግባል፣ መልስ ሲመጣም መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ከውጭ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ግን በመዝገቡ ላይ ስለሌለ ይጣላል። የኮንዶሚኒየሙን ስም ይዞ የቤት ቁጥሩን ያላወቀ እንግዳ ከጥበቃው ዘንድ እንደሚመለስ ማለት ነው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ለጥበቃው «ይህን ቁጥር የጠራ ሁሉ ወደዚህ ቤት ይሂድ» ብሎ ማስታወሻ መተው ነው። ቁጥሩ ፖርት ይባላል፤ እስከ 65,535 ይደርሳል።

ማይንክራፍትን እንውሰድ። በኮምፒውተር የሚጫወቱት ጃቫ ኤዲሽን ሰርቨሩ ካልተነገረው በቀር በቲሲፒ ፖርት 25565 ላይ ያዳምጣል፤ በስልክና በኮንሶል የሚሠራው ቤድሮክ ደግሞ በዩዲፒ 19132። ሁለቱን ማምታታት ሰዓታት ያስፈጃል። አሠራሩ ራሱ ከባድ አይደለም። በብራውዘር ወደ ራውተሩ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1፣ ተገብቶ «ፖርት ፎርዋርዲንግ» ወይም «ቨርቹዋል ሰርቨር» የሚለው ገጽ ይፈለጋል፤ የውጭው ፖርት፣ የውስጡ ፖርት፣ ፕሮቶኮሉ (ቲሲፒ ወይም ዩዲፒ) እና የሰርቨሩ ኮምፒውተር የውስጥ አድራሻ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚረሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። ራውተሩ የውስጥ አድራሻዎችን እንደገና ሊያድል ስለሚችል ያ ኮምፒውተር ነገ ሌላ ቁጥር ይዞ ሊነሳና ደንቡ ባዶ ቦታ ላይ ሊጠቁም ይችላል፤ ስለዚህ አድራሻው በራውተሩ ላይ ለዚያ ማሽን በቋሚነት መያዝ አለበት። የኮምፒውተሩ የራሱ ፋየርዎልም ጃቫን መፍቀድ አለበት። ሙከራው ደግሞ ከዚያው ዋይፋይ መሆን የለበትም። ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ በውጭው አድራሻ የሚመለስን ግንኙነት አያስተናግዱም፤ በትክክል የተከፈተውም የተዘጋ ይመስላል። ከሞባይል ዳታ ወይም ከሌላ ቤት መሞከር ይሻላል።

«ታዲያ ፒንጌ፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ይቀንሳል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የለም ነው፤ ምክንያቱም የፊዚክስ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው እንበል፤ ከአዲስ አበባ እስከዚያ በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ደርሶ መልሱ፣ ምንም ዓይነት መሣሪያ ሳያዘገየው፣ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። መስመሩ ደግሞ ቀጥታ አይደለም፤ ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ የባሕር ኬብሉን የምታገኘው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው፤ ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ተጫዋቹ ራሱ ከሰርቨሩ ጋር የጀመረው ግንኙነት በራውተሩ መዝገብ ላይ ስላለ ፖርት ተከፈተም አልተከፈተም መልሱ በዚያው ፍጥነት ይደርሰዋል። ጌሙ የሚቆራረጠው በዋይፋዩ ድክመት ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ወደ ራውተሩ የሚሄድ ኬብል ነው፤ እዚያው ቤት ሌላ ሰው ከባድ ነገር እያወረደ ከሆነ ግን ኬብልም አይፈታውም።

ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ መታለፍም የለበትም። ኮንሶል ያላቸው ሰዎች «ኤንኤቲ ታይፕህ ስትሪክት ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ያያሉ፤ ፖርት ሲከፍቱ ወደ «ኦፕን» ይቀየርና ከጓደኞቻቸው ጋር መነጋገርም መጫወትም ይችላሉ። እነዚህ ሰርቨር አላስነሱም፤ ጠቅሟቸዋል ግን። ይሁንና በእነዚህ ጌሞች ውስጥ የሚሆነውን ያስተዋለ ሰው ያው ነገር መሆኑን ያያል። ድምፅም ሆነ ጨዋታው በማዕከላዊ ሰርቨር ሳያልፍ ከኮንሶል ወደ ኮንሶል ሲሄድ፣ አንዱ ወገን ሳይጠራ የሚመጣውን መቀበል ይኖርበታል፤ በዚያች ሰዓት ያ ኮንሶል አስተናጋጅ ሆኗል ማለት ነው። ለኤክስቦክስ ፖርት 3074ን መክፈት የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ሆኖም አንድ የውጭ ፖርት በአንድ ጊዜ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ሁለት ኮንሶል ባለበት ቤት በእጅ የተጻፈው ደንብ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን ያስቀራል። እዚህ ላይ ዩፒኤንፒ የሚሻል ይመስላል፤ ኮንሶሉ ራሱ ራውተሩን ጠይቆ የሚፈልገውን ፖርት ያስከፍታልና። ጉድለቱ ግን ራውተሩ ጠያቂው ማን እንደሆነ አለማጣራቱ ነው። ቤት ውስጥ የገባ ማንኛውም ፕሮግራም፣ ተንኮለኛውም ጭምር፣ ያንኑ ማስከፈት ይችላል። በእጅ የተጻፈ ደንብ ቢያንስ በባለቤቱ የታወቀ ነው።

«የእኔን ቤት ማን ይፈልገዋል?» ለሚለውም መልስ አለ፤ ማንም በስም አይፈልገውም፣ ሁሉም ግን ይፈተሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዚማፕ የተባለ መሣሪያ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የአይፒቪ4ን አድራሻዎች በሙሉ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለአንድ ፖርት መፈተሽ እንደሚችል አሳይቷል። ፖርቱ ብቻውን አደጋ አይደለም፤ ከበስተጀርባው የሚያዳምጠው ፕሮግራም ነው ወሳኙ። ለዚህ የእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2021ን ያህል ግልጽ ማስረጃ አይገኝም። ሎግፎርጄ በተባለ የጃቫ ክፍል ላይ በተገኘው ቀዳዳ፣ በማይንክራፍት ቻት ላይ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ሰርቨሩ ከውጭ ኮድ አምጥቶ እንዲያስኬድ ሊያደርገው ይችል ነበር። ማስተካከያው ወዲያው ወጣ፤ ያላዘመነ ሰርቨር ግን ክፍት ፖርቱን እንደያዘ ቀረ። ስለዚህ የሚያስተናግድ ሰው ሰርቨሩን ማዘመን፣ የተፈቀደላቸውን ስሞች ብቻ የሚያስገባውን ዋይትሊስት ማብራት፣ የራውተሩን የፋብሪካ የይለፍ ቃል መቀየር አለበት። «ዲኤምዜድ» የሚለውን ምርጫ መንካት የለበትም፤ እሱ አንድ ፖርት ሳይሆን ለሌላ ያልተሰጡትን ፖርቶች ሁሉ ለአንድ ማሽን ያስረክባል።

ደንቡ ሁሉ በትክክል ተሞልቶም አልሠራ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ነው። የአድራሻ እጥረቱ የኢንተርኔት አቅራቢዎችንም ስለያዘ አንዳንዶቹ ብዙ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አድራሻ ሥር ያስቀምጣሉ፤ በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ይህ በብዙ አገር የተለመደ ነው። ለዚሁ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል ተለይቷል። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ራውተሩ «ዋን» በሚለው ገጽ የሚያሳየው አድራሻና አድራሻን የሚያሳይ ድረ ገጽ የሚሰጠው ከተለያዩ፣ ከራውተሩ በላይ ሌላ ራውተር አለ። እሱ የአቅራቢው ከሆነ ደንብ መጻፍ የሚችለው አቅራቢው ብቻ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚደረግ ልፋት ከንቱ ነው። የሚቀሩት መንገዶች ከአቅራቢው የሕዝብ አድራሻ መጠየቅ፣ ሰርቨሩን በኪራይ ማሽን ላይ ማስነሳት፣ ወይም እንደ ዜሮቲየርና ቴይልስኬል ባሉ አገልግሎቶች ጓደኛሞችን በአንድ ምናባዊ ኔትወርክ ማገናኘት ናቸው። ለአራትና ለአምስት ጓደኛሞች የመጨረሻው ከሁሉ ይሻላል፤ ለዓለም የሚከፈት ነገር የለውምና። የአይፒቪ4 ተተኪ የሆነው አይፒቪ6 በተስፋፋ ቁጥር ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ አድራሻ ስለሚደርሰው የመለዋወጡ ጣጣ ይቀራል፤ ሆኖም በዚያም ላይ አብዛኛው የቤት ራውተር ሳይጠራ የመጣውን በፋየርዎሉ ስለሚያግድ፣ ሰርቨር የሚያስነሳ ሰው ያችኑ 25565ን በስም ጠቅሶ መፍቀድ ይኖርበታል።