አንድ ሌሊት እና 1,020 ዓመት

በምዕራብ ጎንደር፣ ሽንፋም ሆነ መተማ፣ በመንገድ ላይ ሰው ታገተ የተባለ ቀን ቡናው ሳይቀዳ ፍርዱ ያልቃል፦ «ይሰቀል!» የታጋች ቤተሰብ ከብቱንና ሰሊጡን ሸጦ ገንዘብ የከፈለበት አገር ነውና ቁጣው አይፈረድበትም። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 117፣ የሞት ቅጣት በአደባባይም ሆነ በስቅላት እንዳይፈጸም ይከለክላል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ካላጸደቀውም ፍርዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም ከ200,000 በላይ ሰዎች አንድ አቤቱታ ፈረሙ። ባሕር ዳር ላይ የ7 ዓመት ሕፃን ደፍሮ የገደለው ሰው የተፈረደበት 25 ዓመት አነሰ ብሎ አገር ተቆጥቶ ነበር። ብዙው ሰው በአፉ የጠየቀው ሞት ነው። 200,000 ፊርማ ግን የአንድ ሰው፣ የፕሬዚዳንቱን፣ ፊርማ አይተካም።

ያ ፊርማ ስንት ጊዜ አርፏል? ከ1983 ዓ.ም ወዲህ በፍርድ ቤት ውሳኔ መገደላቸው በይፋ የታወቀው 2 ሰዎች ናቸው፦ በ1990 የጄኔራል ኃየሎም አርአያ ገዳይ፣ በ1999 ደግሞ የደኅንነት ኃላፊው የክንፈ ገብረመድኅን ገዳይ። ሁለቱም የገደሉት ባለሥልጣን ነው፤ የድሃ ልጅ የገደለ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እኔን ከቁጥሩ ማነስ ይልቅ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

2 ሰው በ34 ዓመት ማለት በ17 ዓመት አንድ ሰው ነው። አሁን ኅዳር 14 ቀን 1967ን አስቡ። ደርግ በዚያች ሌሊት 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከመካከላቸው ነበሩ። ፍርድ ቤቶቻችን በ17 ዓመት አንድ እያሉ 60 ለመሙላት 1,020 ዓመት ይፈጅባቸዋል። ወደ ኋላ ቢቆጠር የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ገና አልተፈለፈሉም።

ረሻኞቹስ? ክሳቸው 12 ዓመት ፈጀ። በ2000 ዓ.ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመንግሥቱ ኃይለማርያምና በ18 ባልደረቦቻቸው ላይ ሞት ፈረደ፤ በ2003 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ቀየሩ። መንግሥቱም ዚምባብዌ ናቸው። የተገደለ፦ 0።

ከቀይ ባሕር ማዶ ሒሳቡ ሌላ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደቆጠረው፣ በፈረንጆቹ 2024 ሳዑዲ ዓረቢያ ቢያንስ 345፣ ኢራን ቢያንስ 972 ሰው በሞት ቀጥተዋል። ለኢራን በየ9 ሰዓቱ አንድ ሰው ማለት ነው፤ የእኛን የ34 ዓመት ቁጥር በ18 ሰዓት ትጨርሰዋለች።

ከመተማ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ ያለው ገዳሪፍም የራሱ ታሪክ አለው። እዚያ ያደገችው፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችው መሪያም ኢብራሂም በ2006 ዓ.ም ካርቱም ላይ «ሃይማኖትሽን ለውጠሻል» ተብላ ስቅላት ተፈረደባት፤ ልጇንም እስር ቤት ወለደች። ያን ጊዜ ከመላው ዓለም የጎረፈው ፊርማ «አትሰቀል» የሚል ነበር፤ ፍርዱም ሁለት ወር ሳይሞላው ተሻረ።