ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካሜራው መቅዳት ያቆማል?

«ኔትወርክ የለም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ስልክ እምቢ አለ፣ ኢንተርኔት ጠፋ ማለታችን ነው። ለመሐንዲስ ግን ኔትወርክ ማለት መረጃ የሚለዋወጡ መሣሪያዎች ትስስር ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የደኅንነት ካሜራ ስታቅዱ ይህን ልዩነት መያዝ ብዙ ነገር ያድናል።

እስቲ ደምበጫ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አስፋልት ዳር፣ አንድ የእህል መጋዘን አለ እንበል። ባለቤቱ 8 ካሜራ ሊያስተክሉ ነው። ከምን እንጀምር? ካሜራ ከመግዛት በፊት ከስሌት።

መጀመሪያ ፍሰቱን እንይ። አንድ ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ቢኖረው፣ እያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ቢወስድ፣ በሰከንድ 25 ምስል ቢነሳ፣ አንዱ ካሜራ ብቻ በሰከንድ 1,244 ሜጋቢት ያመነጫል። ይህ ለተለመደው ኬብል ከባድ ነው። ስለዚህ ካሜራው ራሱ ምስሉን ይጨምቀዋል፦ ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ ግድግዳውን ደጋግሞ አይልክም። በዚህ ዘዴ ፍሰቱ ወደ 4 ሜጋቢት ገደማ ሊወርድ ይችላል። ስምንቱ 32 ሜጋቢት ይሆናሉ፤ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ የውስጥ መስመር ይበቃቸዋል።

ቀጥሎ ማከማቻው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ 4 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው። ቀኑ 86,400 ሰከንድ አለው፤ ስለዚህ አንድ ካሜራ በቀን 43.2 ጊጋባይት፣ ስምንቱ ወደ 346 ጊጋባይት ይሞላሉ። ለ15 ቀን ለማስቀመጥ 5.2 ቴራባይት ያስፈልጋል፤ ባለ 6 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ መግዛት ነው።

ሦስተኛው ርቀት ነው። የተለመደው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ነው የሚታመነው። በሩ ከዚያ ከራቀ መሃል ላይ ስዊች ይገባል፣ ወይም ፋይበር ይዘረጋል። ደግሞ ለዚህ የተሠራ ስዊች ከመረጃው ጋር በዚያው ኬብል ለካሜራው ኤሌክትሪክ ይልካል፤ በተለመደው ደረጃ ለአንድ ካሜራ እስከ 15.4 ዋት።

መብራት ሲጠፋስ? ኤሌክትሪኩ የሚነሳው ከስዊቹ ስለሆነ ባትሪው አንድ ቦታ ቢቀመጥ በቂ ነው። ካሜራዎቹ፣ ስዊቹና መቅጃው በድምሩ 90 ዋት ቢፈጁ፣ ለ4 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ቅጂውን በዚያ መስመር ወደ ሩቅ ሰርቨር ብቻ የሚልክ ካሜራ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋጋ የለውም። ያቀድነው መጋዘን ግን መቅጃው እዚያው ስላለ መቅዳቱን ይቀጥላል፤ የሚቀረው ባለቤቱ ከሩቅ ሆነው በስልክ ማየታቸው ብቻ ነው።

እስቲ እናንተ ሞክሩት፦ ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ 12 ካሜራ ተተክሎ ቅጂው ለ30 ቀን ቢቀመጥ ስንት ቴራባይት ይፈልጋል? 15.6 አካባቢ ከመጣላችሁ፣ ስሌቱ ገብቷችኋል።