ዝም ያለ ሠራተኛ ሁሉ ደስ ብሎት ነውን?



ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ደጋ የወጣ ሰው፣ የጋሞ ሕዝብ ስለ አገሩ ጉዳይ የሚመክርበትን ዱቡሻ የተባለውን ሸንጎ ሳይሰማ አይመለስም። ሽማግሌዎች መርቀው ይከፍቱታል፤ ነገር ያለውም ተራውን ጠብቆ ይናገራል። በሸንጎው የሚመረጠው ሹም «ሀለቃ» ይባላል፤ ከገዛ ሀብቱም ደግሶ ሕዝቡን ያበላል። (ስሙ ከእኛው «አለቃ» ጋር መመሳሰሉ ልብ ይሏል።) ሕዝቡ ስለ እርሱ የሚያስበውንም እዚያው ፊት ለፊት ይሰማል።

የመሥሪያ ቤት አለቃ ግን ይህ ዕድል የለውም። የበታቹ እጅ ነሥቶ «ደኅና ነው ጌታዬ» ብሎት ይወጣል። ስለዚህ የአለቃ አመራርና የሠራተኛ እርካታ እንዴት እንደሚገናኙ ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል።

ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ኋይት በአሜሪካ በአዮዋ አንድ ምርመራ አድርገው በ1939 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ዐሥር ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች በየማኅበሩ መድበው የእጅ ሥራ ሰጧቸው፤ ከዚያም ሁሉን በትእዛዝ የሚያሠራ መሪ፣ ከልጆቹ ጋር የሚመክር መሪ፣ እንደ ወደዳችሁ ሁኑ ብሎ የሚተው መሪ እያፈራረቁ ሾሙባቸው። በኋላ ሲጠየቁ ከ20 ልጆች 19ኙ መካሪውን ከአዛዡ አብልጠው ወደዱ፤ የቀረው አንዱ የጦር መኮንን ልጅ ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ከማኅበሩ ወጥተው የቀሩት የ4ቱ ልጆች ነገር ነው። ሁሉም የወጡት በአዛዥ መሪ ሥር ሳሉ፣ ያውም ዐመፅ በሌለበት በጸጥታው ጊዜ ነው።

ደመወዝተኛ ግን ቤተ ሰብ አለውና እንደ ልጆቹ ጥሎ አይወጣም፤ ልቡ ብቻ ይወጣል። ይህን ለመለካት መጠይቅ ይዘጋጃል። ፖል ስፔክተር በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው 36 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ደመወዝን፣ ዕድገትንና የቅርብ አለቃን ለየብቻ ይጠይቃል፤ ደመወዝ ያስከፋው ሰው ቅሬታ በአለቃው ላይ እንዳይጫን ይረዳልና መልካም ነው። ደግሞም የተከፋ ሰው ደጉን አለቃ ክፉ አድርጎ ሊያይ ይችላል፤ ሁለቱ አብረው መገኘታቸው አንዱ ሌላውን መውለዱን አያስረዳም።

በአርባ ምንጭና በጋሞ ወረዳዎች ይህን የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚያልፍ ያስብ። አለቃው አድሎ አለቃው የሚሰበስበው መጠይቅ ምስጋና ብቻ ይዞ ይመለሳል። ወረቀቱ በተቈለፈ ሣጥን ይግባ፤ ስም አይጻፍበት። አምስትና ስድስት ሠራተኛ ባለበት ክፍልም ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን ብቻ ተጽፎ ሰውየው ማን እንደ ሆነ ይታወቃልና፣ እርሱም ይቅር።