በአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ ተስማሚውን የማጽጃ ፈሳሽ ስለ መምረጥ

ማናቸውም ነጋዴ ለደንበኛው የሚያቀርበው ዕቃ ለምን ሥራ እንደሚውል ጠንቅቆ ያላወቀ እንደሆነ፣ ዕቃው በራሱ መልካም ሆኖ ሳለ በሥራው ላይ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል። ለዚህም በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። የጠመንጃ ማጽጃ ተብለው በጠርሙስና በቆርቆሮ የሚሸጡት ፈሳሾች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ለዘመናዊው ጠመንጃ የተሠሩ ስለሆኑ፣ በዚህኛው ሲሠራባቸው ብረቱን ያጸዱ መስለው ለዝገት ይተዉታል።

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ማለት ባሩዱና እርሳሱ ከፊት በአፈሙዙ ገብተው፣ በዘንግ ተጠቅጥቀው የሚተኮስ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያም ረዥም ዘመን አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1541 ከክርስቶፎር ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የያዙት ነፍጥ የዚሁ ወገን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በታች በእሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ሲዋጉ፣ እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘው ነበር። ዛሬ ይህ መሣሪያ ከጦር ሜዳ ቢወጣም ከገበያ አልወጣም። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ለዚህ ጠመንጃ ብቻ የተለየ የአደን ጊዜ ይመድባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው ብሔራዊ ማኅበሩም በኢንዲያና ግዛት ፍሬንድሺፕ በምትባል ስፍራ ውድድር ያደርጋል። በኢጣልያም በብሬሺያ አውራጃ፣ በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ፣ የጥንቱን አምሳያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ስለዚህ የማጽጃው ነገር የሚገደው ቅርስ ጠባቂውን ብቻ ሳይሆን አዳኙን፣ ተኳሹንና ነጋዴውንም ጭምር ነው።

ትክክለኛውን ፈሳሽ ለመምረጥ አስቀድሞ እድፉ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቁር ባሩድ በመቶ 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰልና 10 እጅ ድኝ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። በሚቃጠልበት ጊዜ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ይቀራል፤ ከፊሉ ጭስ ሆኖ ሲወጣ ከፊሉ በቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ይህ ጥላሸት ጥቁረቱ ከሰል ቢያስመስለውም፣ ዋነኛው ክፍሉ የፖታሲየም ጨው ነው፤ ይኸውም ካርቦኔት፣ ሰልፌትና ሰልፋይድ የሚባሉት ናቸው። ፖታሲየም ካርቦኔት በእንጨት አመድ ውስጥ ከሚገኘው ጨው ጋር አንድ ሲሆን፣ ጠባዩ የአየርን እርጥበት መሳብ ነው። ጨውና እርጥበት በብረት ላይ በተገናኙ ጊዜ ዝገት ይከተላል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጥቂት ሰዓታት ይበቁታል።

እንግዲህ ጨውን የሚያሟሟው ምንድን ነው? አንድ ጭብጥ ጨው በቅባኑግ ውስጥ ቢጨመር እንዳለ ከሥር ይዘቅጣል፤ በውሃ ውስጥ ቢጨመር ግን ወዲያው ይጠፋል። በጠመንጃው ቱቦም የሚሆነው ይኸው ነው። ላምባ፣ ናፍጣ፣ ቤንዚንና የሞተር ዘይት የባሩዱን ጨው አያሟሙትም፤ ከላዩ ሸፍነው ከብረቱ ጋር ያቆዩታል እንጂ። ቤንዚን በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑም ከጥቅሙ አደጋው ይበዛል። ስለሆነም ለጥቁር ባሩድ ዋነኛው አሟሚ ውሃ ነው። ጥቂት ሳሙና ቢጨመርበት ያልተቃጠለውን ከሰልና ቅባቱን ያነሣል። ሙቅ ቢሆን ደግሞ ጨው ፈጥኖ ይሟሟል፤ ብረቱም ስለሚሞቅ ቶሎ ይደርቃል። ሲታጠብ የሚሰማው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሰልፋይዱ ከውሃ ጋር በመገናኘቱ የሚመጣ ነው።

በሱቅ የሚገኙት የዘመናዊ ጠመንጃ ማጽጃዎች ግን ለሌላ እድፍ የተሰናዱ ናቸው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ ወዲህ፣ ናይትሮሴሉሎስ ከተባለው ነገር የሚሠራው ባሩድ የጥቁሩን ቦታ ወሰደ። የዚህኛው እድፍ በውሃ አይለቅም፤ ቅባትነት ያለው አሟሚ ይፈልጋል። በእነዚህ ማጽጃዎች አንዳንዶቹ የሚጨመረው አሞኒያም የጥይቱን መዳብ ከቱቦው ለማስለቀቅ ነው። በጨርቅ ተጠቅልላ የምትተኮስ የእርሳስ ድቡልቡል ግን መዳብ አትተውም፤ ስለዚህ ያ ዋጋ የተከፈለበት ኀይል እዚህ ሥራ የለውም።

በዚህ ላይ ገዢውም ሻጩም የሚሳሳቱበት ሌላ ጉዳይ አለ። ዛሬ በጥቁር ባሩድ ፋንታ የሚሠራባቸው ምትክ ባሩዶች ጠባያቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ፓይሮዴክስ የተባለው ፖታሲየም ፐርክሎሬት ስላለበት ከጥቁሩ ይልቅ ክፉ የሆነ የክሎራይድ ጨው ይተዋል፤ ቢሆንም በውሃ ይታጠባል። ብላክሆርን 209 የተባለው ግን ከናይትሮሴሉሎስ የተሠራ በመሆኑ ውሃ አይበቃውም፤ የሚጸዳው ለጭስ አልባ ባሩድ በተሰናዳው አሟሚ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ማጽጃ ሲጠይቅ፣ ሻጩ የሚመልሰው የመጀመሪያ ቃል “የሚተኩሱት በምን ባሩድ ነው?” የሚል መሆን ይገባዋል። ከዚህ በቀር በጠምዛዛው ቦይ ውስጥ እርሳስ ወይም ከጥይቱ ማቀፊያ የቀለጠ ፕላስቲክ ቢጣበቅ፣ ውሃ አንዱንም አያነሣውም፤ ለየራሳቸው የተሠራ አሟሚና የነሐስ ብሩሽ ያስፈልጋል።

የአጸዳዱ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ከሁሉ በፊት ጠመንጃው አለመጉረሱ ይረጋገጣል፤ ዘንጉ እስከ ቱቦው መጨረሻ መድረሱ በውጭ በኩል ተለክቶ ይታያል፤ ባዶ የመሰለ ጠመንጃ ሰው ገድሏልና። ቀጥሎ ቱቦው ከእንጨቱ የሚነቀል ከሆነ ይነቀላል፤ የኋላ ጫፉ በባልዲ ውሃ ውስጥ ገብቶ በዘንግ ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ወደ ላይና ወደ ታች ሲባል፣ እሳት በምታልፍበት ቀዳዳ በኩል ውሃው እየገባ እየወጣ ያጥበዋል። የማይነቀል ከሆነ ቀዳዳዋ ተወትፋ ውሃው በአፈሙዙ ይጨመራል፤ እንጨቱ እንዳይርስም ጥንቃቄ ይደረጋል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ከታጠበ በኋላ፣ በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ ማድረቅና ወዲያው ቀጭን ዘይት መቀባት ግዴታ ነው። ውሃ አሟሚ እንጂ ጠባቂ አይደለም፤ እርጥብ የተተወ ቱቦ ካልታጠበው አይሻልም። በማግሥቱ ነጭ ጨርቅ ቢያልፍበትና ቡናማ ቢወጣ፣ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ወደ ሜዳ ውሃ ይዞ መሄድ ለማይመቸው ሰው፣ በቶርኖ ቤት ለማቀዝቀዣ የሚያገለግለውና ከውሃ ጋር የሚዋሐደው ዘይት በውሃ በጥብጦ መያዝ ይበጃል። በተኩስ መካከልም ሆነ ለጊዜያዊ ማጽጃነት ይረዳል። ሃይድሮጂን ፔሮክሳይድ የገባበት የቤት ቅልቅል ግን ብረትን ለዝገት የሚያፋጥን ስለሆነ ቢቀር ይሻላል።

የመጨረሻው ቅባትም ምርጫ ይጠይቃል። የኑግ ዘይትን የመሰለ የእህል ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ስለሚደርቅና ስለሚጣበቅ ለዚህ አይሆንም፤ የመኪና ዘይትና ግራሶም ከጥቁር ባሩድ ጋር ሲቃጠሉ ሬንጅ የመሰለ ጥላሸት ያበጃሉ። ቱቦው በሚቀመጥበት ጊዜ የሚቀባው የማዕድን ዘይት ከተኩስ በፊት ተጠርጎ መውጣት ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባሩዱንም አርሶ እንዳይነሣ ያደርገዋል። በተኩስ ጊዜ ለጨርቁ የሚመረጠው ማለስለሻ ሰምና ሞራ የተቀላቀለበት ነው። ኢትዮጵያም ሰም ወደ ውጭ አገር የምትልክ እንደመሆኗ፣ ይህ ጥቂትም ቢሆን ለሰም ነጋዴ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው።

በቤተ መዘክር ወይም በቤተሰብ እጅ ለሚገኝ አሮጌ ነፍጥ ግን የተለየ ምክር አለ። የማይተኮስበት ስለሆነ ውሃ ማፍሰስም ሆነ በብሩሽ መፋቅ አይገባም፤ የብረቱ አሮጌ መልክና የእንጨቱ ጽሕፈት የታሪኩ አካል ነውና፣ ሥራው ለቅርስ ጥገና ባለሙያ ይተው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሻጩ ሊይዘው የሚገባው ሥርዓት አጭር ነው። አሟሚው የሚመረጠው በጠርሙሱ ዋጋ ወይም በማስታወቂያው ሳይሆን በእድፉ ዓይነት ነው፤ ለጥቁር ባሩድ ውሃና ሳሙና፣ ለናይትሮሴሉሎስ የራሱ አሟሚ፣ ለእርሳስና ለፕላስቲክ የየራሳቸው። ይህን ጠይቆ የሚሸጥ ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ ውዱን ጠርሙስ ትቶ ደንበኛውን ወደ ቤቱ ማንቆርቆሪያ ይመልሰዋል፤ በዚያ ቀን የሚቀርበትን ትርፍ ግን ደንበኛው ዘይት፣ ጨርቅና ብሩሽ ሊገዛ ሲመለስ ያገኘዋል።